ጎሚስታው ባየውና የሰማንያ ቀኗ ክርስትና

ባየውን ደብረ ብርሃን ውስጥ የማያውቀው ባለመኪና የለም። ወደ አንኮበር በሚወጣው መንገድ ዳር በቆርቆሮ የተከለለች ጠባብ ሱቅ አለችው፤ ጎማ ይደፍናል፣ ይነፋል፣ ይቀይራል። እጁ ከመጥቆሩ የተነሳ ሰላም የሚለውን ሰው ክርኑን ነው የሚያስጨብጠው። በሥራው ጎበዝ ነው፤ ጎማ ከወዴት እንደሚተነፍስ ጆሮውን አስጠግቶ ያውቃል። አፍ ግን አልፈጠረለትም። እናቱ በሕይወት ሳለች፣ ነፍሷን ይማርና፣ "ይሄ ልጅ ሚስት የሚያገኘው አንዷ ተሳስታ ቤቱ የገባች እንደሆነ ነው" ትል ነበር።

ከሱቁ ጎን የልብስ ስፌት ቤት አለ። እዚያ የምትሰፋው ልጅ ናዝራዊት ትባላለች። ከወለጋ ተፈናቅለው ከመጡት ናት፤ ከአክስቷ ጋር መጀመሪያ መጠለያው ውስጥ ተቀመጠች፣ ኋላ በሙያዋ ተቀጠረች። አክስቷ አሁንም እዚያው መጠለያው ውስጥ ናቸው። ልጅቷ ቀጠን ያለች፣ ንግግሯም እንደ መቀሷ ቆረጥ ያለ ነው። ባየው ሁለት ዓመት ሙሉ ጠዋት "ደህና አደርሽ"፣ ማታ "ደህና እደሪ" ሲላት ኖረ። በመካከሉ ያለው ቀን ሁሉ ዝም ነው። በልቡ ግን ሦስት ልጆች ወልደው ሁለተኛውን ትምህርት ቤት አስገብተዋል።

እንግዲህ ባለፈው ዓመት እህቱ ትርሲት ነፍሰ ጡር ሆና ለሐኪም ክትትል መጣችና እሱ ዘንድ ሰነበተች። ትርሲት ያገባችው ከአንኮበር ከጎረቤላ ቁልቁል ወርዶ ባለ አንድ መንደር ነው። ባየው ጎማ ሲነፋ ይውላልና ትርሲትን የምታያት ናዝራዊት ሆነች። አጥሚት ታፈላላታለች፣ ወገቧን ታሽላታለች፣ ጨዋታ ታመጣላታለች። ምጡ የመጣ ዕለትም ሐኪም ቤት ያደረሰቻት እሷው ናት፤ ባየውማ ደንግጦ የሱቁን ቁልፍ ፍለጋ ሲዞር ሕፃኗ ተወልዳ ጠበቀችው።

ትርሲት ታርሳ ወደ ባሏ አገር ልትመለስ ስትል "ክርስትና እናቷ ማን ትሁን?" የሚል ነገር ተነሳ። ያን ጊዜ ባየው፣ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳይጠየቅ ተናገረ። ናዝራዊት ትሁን አለ። የትርሲትም ልብ እዚያው ነበርና እሰየው አለች። የባየው ሐሳብ ደግሞ ሌላ ነው። ክርስትና እናት ከሆነች ለፋሲካ ትመጣለች፣ ለልደት ትመጣለች፣ ልጅቱ ባመማት ቁጥር ትመጣለች፤ ከዚህ ሁሉ መምጣት በአንዱ አፌ ይከፈት ይሆናል ብሎ ነው። ብዙ አስቦ ያገኛት ብልሃት ይህች ናት።

የትርሲት አማት እማማ ሸዋወርቅ ግን ጎረቤታቸውን አልታየችን አስበው ኖሯል። አልታየች የታወቀች፣ ጨዋ፣ ደግሳ የምታበላ ሴት ናት። "የማናውቃትን ልጅ ከየት አምጥታችሁ ነው?" ብለው ጥቂት ቀን አኮረፉ። ኋላ ትርሲት ስታለቅስ ልባቸው ራራና፣ እሺ ትሁን፣ ነገር ግን ቄሱ ሲጠሩ ካልደረሰች አልታየች ጾማ ትጠብቃለች አሉ። ነገሩ በዚህ ታሰረ።

ናዝራዊት የሰማች ጊዜ መቀሷን አስቀመጠች። ነጭ ጨርቅ መርጣ ለሕፃኗ ቀሚስ ሰፋችላት፤ ጠርዙን በእጇ ጠለፈችው። ማዕተቡንም ራሷ ገመደችው። ለጓደኛዋ ለሔራን፣ "በዚህ አገር የኔ የምለው ሰው ሊኖረኝ ነው" አለቻት። ሔራን ነገር አታሳድርም፤ ያንኑ ዕለት ለባየው ነገረችው፣ ባየውም ደስ ብሎት አንድ ጎማ ሁለት ጊዜ ደፈነ።

ሰማንያኛው ቀን ሁዳዴ መካከል ረቡዕ ላይ ዋለ። በጾም ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው፤ ክርስትናው ከዚያ ቀደም ይላል። ስለዚህ ከደብረ ብርሃን የሚሄዱት ልጆች ጊዜ ሞልቶናል አሉ። ይህች "ጊዜ ሞልቶናል" የምትባል ነገር ስንቱን አስቀርታለች። ድሮ ያንን መንገድ ሰው በእግሩ ነበር የሚወርደው፤ ስንቁን ይዞ፣ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ አህያውን እየነዳ። ሩቅ ነበር፣ ግን የት እንደሚሄድ ሁሉም ያውቅ ነበር።

የሚሄዱት አራት ናቸው። ባየው፣ ናዝራዊት፣ ሔራንና ቴዎፍሎስ። ሔራን ፀጉር ሠሪ ናት። ቴዎፍሎስ የባየው ባልንጀራ ነው፤ ሞባይል ይጠግናል። ድቁና ጀምሮ ትቷል፣ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ አልነዳም፣ ከዚህ በቀር የማያውቀው ነገር የለም። መኪናዋ ከአንድ ደንበኛ የተዋሷት ትንሽ ቪትዝ ናት። ማታውኑ ዕቃ ሲጭኑ ድፎ ዳቦው የኋላውን ያዘ፤ አንድ ጀሪካን ጠላ ደግሞ ቦታ አጣ። ትርፍ ጎማው ወጥቶ ጠላው ገባ። ይህን የወሰነው ማን ነው ቢባል ጎሚስታው ራሱ ነው። የሰውን ጎማ ሲያድን የሚውል ሰው የራሱ ይፈነዳል ብሎ አያስብም።

በማለዳ ሊነሱ ተቀጣጥረው ፀሐይ ከወጣች በኋላ ተነሱ፤ የሰው ፀጉር ስትሠራ የምትኖረው ሔራን የራሷን ያስታወሰችው መነሻው ሰዓት ላይ ነዋ። ከዚያ ቤንዚን ጠፋ። ማደያው ደጅ የተሰለፈው መኪና ጅራቱ አይታይም፤ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ገዙ። ቴዎፍሎስ አሽትቶ ውኃ አልገባበትም ብሎ መሰከረ። በምን እንዳወቀ የጠየቀው የለም።

ወደ አንኮበር ሊታጠፉ ሲሉ ታዲያ ከጎን የተቀመጠው ቴዎፍሎስ እጁን መሪው ላይ ጭኖ ባየውን አስቆመው። የአንኮበር ቁልቁለት ለዚህች መኪና አይሆንም፣ ፍሬኗ ይቃጠላል፤ በደብረ ሲና ወርደን በቆላው መንገድ ከታች ወደ ላይ እንመጣለን፣ የአጎቴ ልጅ ሄዶበታል አለ። ናዝራዊት አንኮበር ወዲያ፣ ደብረ ሲና ወዲህ አይደለም ወይ ብላ ጠየቀች። ቴዎፍሎስ ምድር ክብ ናት የሚል ነገር መለሰላት። ባየው ሰው መከራከር አይችልም፤ ወደ ደብረ ሲና ነዳ።

ጣርማ በር ላይ ጉሙ መኪናዋን ዋጣት። ባየው አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ነበር የሚነዳው። ተራራውን የሚሰነጥቀውን ዋሻ አልፈው ቁልቁለቱን ሲይዙ ከኋላ በኩል አንድ ነገር መተንፈስ ጀመረ። ሁሉም ጎማ ነው ብለው ዝም አሉ። ባየው ግን አዳመጠና ጎማ አይደለም፣ ጠላው ነው አለ። ንግግሩን ሳይጨርስ የጀሪካኑ ክዳን ተስፈንጥሮ ጣሪያውን መታ፣ ጠላውም ሔራን አዲስ የተሠራችው ሹሩባ ላይ ወረደ። በጾም፣ በባዶ ሆድ፣ በጠባብ መኪና ውስጥ የጠላ ሽታ ምን እንደሚያደርግ ያየ ያውቀዋል። አንድም የጠጣ ሰው ሳይኖር አራቱም ዓይናቸው ቀላ።

ደብረ ሲና ሲደርሱ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት። የተጠበሰው ገብስ ሽታ መኪናው ውስጥ ገባ። ናዝራዊት ዓይኗን ጨፈነች፤ የክርስትና እናት ሳትቀምስ ነው ሕፃን የምትቀበለው። ሔራን ስንመለስ እበላዋለሁ ብላ አንድ ከረጢት ገዛች። ከዚያ በኋላ ከኋላ ወንበር እንደ አይጥ ያለ ኮሽታ አልተቋረጠም፤ ምንድነው ሲሏት መኪናዋ ናት አለች።

ስልኩ ጮኸ። ትርሲት ናት፣ የት ደረሳችሁ ትላለች። ሔራን ደርሰናል ብላ ዘጋችው። አገራችን ውስጥ "ደርሰናል" ማለት ገና ቤት ያለ ሰው የሚናገረው ቃል መሆኑን ትርሲት አጥታው አይደለም፤ እሷም ለእማማ ሸዋወርቅ ደርሰዋል ብላ ነገረቻቸው። እንዲህ እየሆነ እነሱ ቆላ ሳሉ ዜናቸው ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመ።

ከደብረ ሲና በታች የቴዎፍሎስን መንገድ ያዙ። መጀመሪያ ጠጠር ነበር፤ ቀጥሎ አቧራ፤ ቀጥሎ የእንስሳት ኮቴ። በመጨረሻ ዋንዛ ከሞላበት ወንዝ ዳር ቆመ። ማዶው ላይ መንገድ የለም። አንድ ሽማግሌ ግመሎቻቸውን እያጠጡ ነበር። ቴዎፍሎስ ወርዶ እጅ ነሳና ወደ አንኮበር በዚህ ይኬዳል ወይ አላቸው። ሽማግሌው መኪናዋን ከፊትም ከኋላም ዞረው አዩአት።

"ይኬዳል እንጂ፤ ሁልጊዜ እንሄዳለን። ይቺ ነገር ግን፣ ልጆቼ፣ እግር አላት?"

የአጎቱ ልጅ በምን እንደሄደ ያን ጊዜ ነው ቴዎፍሎስ ያስታወሰው። ግመል ነጂ ነበር።

ከዚህ በኋላ የተባለውን ሁሉ መጻፍ ደግ አይደለም። ሔራን ቴዎፍሎስን የሰደበችው ስድብ ግማሹ ለእሱ፣ ግማሹ ለአጎቱ ልጅ ነበር። ቴዎፍሎስ በበኩሉ ፀጉርሽ ባያስረፍደን ኖሮ ወንዙ ሳይሞላ እንደርስ ነበር አለ፤ ወንዙ ግን ቁርጭምጭሚት የሚያክል ውኃ ነው ያለው፣ መንገድ ነው የሌለው። ናዝራዊት አልተሳደበችም። ቀሚሱ ያለበትን ፌስታል ጭኗ ላይ ይዛ፣ "ባየው፣ እንመለስ። እባክህ ፍጠን፤ እዚያ ሰው ይጠብቀኛል" አለች። እንዲህ ስትለው ባየው ከልቡ ነዳ። ዳገቱን ያቺ ቪትዝ ትወጣዋለች ብሎ ያሰበ የለም፤ ወጣችው። የጭነት መኪኖች እየተገረሙ መንገድ ለቀቁላት።

ዋሻውን መልሰው ሲያልፉ ሁሉም አኩርፎ ዝም ብሏል። ቴዎፍሎስ ዝምታ አይችልም፤ በዚያ ላይ የሠራውን ጥፋት በቁም ነገር ሊሸፍን ፈለገ። ስለዚህ ስለ ክርስትና ማስተማር ጀመረ። ሕፃኗ አፍ ስለሌላት ሰይጣንን የምትክድላት አንቺ ነሽ አላት፤ ወዴት ዞራ ምን እንደምትል ሁሉ አስረዳት። ከዚያ እንዲህ አለ።

"ደግሞ የምትሸከሚው ሕፃኗን ብቻ እንዳይመስልሽ። ከዛሬ ጀምሮ ከነባየው ቤት ጋር አበልጅ ናችሁ። አበልጅ ከአበልጅ አይጋባም፤ የመንፈስ ዝምድና ከሥጋው ይጠብቃል። እሱ ወንድምሽ፣ አንቺ እህቱ። አለቀ።"

"ጥሩ ነው" አለች ናዝራዊት፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ መልሳ። "ወንድም አልነበረኝም።"

መኪናዋ ቤንዚን እንዳለቀባት ሁሉ ቀስ አለች። ባየው እግሩን ያነሳው ሳይታወቀው ነው። አበልጅ አይጋባም የሚባለውን ከልጅነቱ ሲሰማው አድጓል። ማንኛችንስ ያልሰማን አለን? ግን ነገሩ እንደ ሞት ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ለሌላ ሰው የመጣ ይመስለዋል። ባየው ፋሲካውን አሰበ፣ ልደቱን አሰበ፣ የሚመጡትን በዓላት ሁሉ አሰበ፤ ይህችን አላሰበም። በዕድሜው አንድ ቀን ሳይጠየቅ ተናግሮ፣ በዚያችው አንደበቱ ሚስቱን እህቱ አደረጋት።

ከዚያ ወዲያ አነዳዱ ተለወጠ። ለበግ መንጋ ቆመ። ለአህያ ቆመ። አንዲት አሮጊት መንገድ ሊሻገሩ ነው ብሎ ቆሞ ጠበቃቸው፤ አሮጊቷ ለካ ፀሐይ እየሞቁ ኖሯል፣ ምን ያፈጥብኛል ብለው ተቆጡት። ሔራን ይሄ ልጅ ርቦት ደክሟል፣ ቴዎፍሎስ ይንዳ አለች፤ ባየው ግን መሪውን አልለቀቀም። ደብረ ብርሃን ገቡና በገዛ ሱቁ ፊት አለፉ። ትርፍ ጎማዋ በሩን ተደግፋ እንደ ዘመድ ትጠብቀዋለች። አያት። አልቆመም። ለምን እንዳልቆመ ለራሱም አልነገረውም።

የአንኮበርን መንገድ ይዘው ጎረቤላን አልፈው መውረድ ጀመሩ። ከዚያ ቁልቁል ሲታይ ምድሩ እስከ ቆላው ድረስ ተዘርግቶ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ከሩቅ ያበራል። ስልክ መሥራት ትቷል። አንዱን ጠመዝማዛ እንደዞሩ ፍስስ የሚል ድምፅ መጣ። ሔራን ጠላው ነው አለች። ባየው አንገቱን ነቀነቀ። የፊተኛው ግራ ጎማ ነበር፤ የሾለ ድንጋይ ወግቶታል።

ቴዎፍሎስ የኋላውን ከፍቶ ትርፉን ቢፈልግ ዳቦና የጎደለ ጠላ አገኘ። ጎሚስታ ይዞ ያለ ትርፍ ጎማ መሄድን የመሰለ ጉድ ሰምቼ አላውቅም ብሎ ራሱን ያዘ። ሔራን ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የቀራትን ቆሎ በግልጽ በላች፤ ከእንግዲህ የሚደበቅ ነገር የለም ብላ።

የባየው ቦርሳ ግን ከእሱ አይለይም። መጎርጎሪያው፣ መድፈኛው፣ ማስቲሹ፣ ክሪኩ፣ የእግር መንፊያውም ከወንበሩ ሥር ናቸው። ከጎማው አጠገብ ተንበረከከና አየ። ቀላል ነው፤ ሱቁ ቢሆን ዓይኑን ጨፍኖ የሚደፍነው ነው። ግን እጁን አላነሳም። ይህ የሚሆን አይደለም ብሎ ቢነሳ የሚያውቅበት የለም። አልታየች እዚያ ቆማለች፤ ሕፃኗ ክርስትና አትቀርም፣ ማንም አይሞትም። እንዲህ እያለ ጎማውን ይዳብሰዋል፤ ልክ የታመመ በሬ እንደሚዳበስ።

ናዝራዊት መጥታ ከጎኑ ቆመች። ከንፈሯ በረሃብና በነፋስ ደርቋል።

"ባየው፣ እውነቱን ንገረኝ። ይሆናል ወይስ አይሆንም? የማይሆን ከሆነ በእግሬ ልሩጥ።"

ጫማዋን አየ። ለክርስትናው ብላ ያደረገችው ስስ የከተማ ጫማ ነው፤ ያንን ገደል ግማሹን እንኳ አያወርዳትም። ፌስታሏን በሁለት እጇ ታቅፋለች። የኔ የምለው ሰው ሊኖረኝ ነው ያለችው ትዝ አለው። እህቱም ትዝ አለችው፤ ከወለደች ጀምሮ ከቅጽር ውጭ ቆማ ስታስቀድስ ሰንብታ ዛሬ የምትገባበት ቀን ነው፣ መንገድ መንገዱን እያየች ይሆናል። የሰውን ጎማ ሳይደፍን መልሶ አያውቅም፤ ይህን የመጀመሪያው ሊያደርገው አልቻለም።

"ይሆናል" አለ።

ከዚህ በኋላ እጁን ዓይን አልያዘውም። ምራቁን ቀብቶ ቀዳዳውን አገኘ፣ ጎረጎረ፣ ማስቲሹን ቀብቶ ደፈነ። መንፊያውን የረገጠው ቴዎፍሎስ ነው፤ ንስሐ እንደሚገባ ሰው ጋቢውን ጥሎ ላቡ እስኪወርድ ረገጠ። ሔራን ቆማ ቆጠረችለት፣ ቁጥር እየዘለለች ስለሆነ ግን አልረዳውም። ባየው ተነስቶ ጎማውን አንድ ጊዜ በእግሩ መታ አደረገው። ደህና ተደፍኗል። በዕድሜው እንደዚያ አድርጎ የደፈነው ጎማ የለም፤ እንደዚያም ያዘነበት የለም።

ቁልቁለቱን እንደ ንፋስ ወረዱት። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሲደርሱ ሰዉ ቆሟል። ትርሲት ነጠላዋን አጣፍታ፣ ሕፃኗን አቅፋ፣ ከመጨነቋ የተነሳ ስታያቸው መሳደብም መሳቅም አቃታት። እማማ ሸዋወርቅ ከፊት ቆመዋል። አልታየች ከጎናቸው ናት፤ ነጠላዋ የታጠበ፣ አፏ ከትናንት ጀምሮ የተዘጋ፣ እጇ ደግሞ ሳታስበው ሕፃን እንደሚቀበል ተዘርግቷል። መምሬ ከውስጥ፣ የክርስትና እናቷ የታለች ብለው ጠሩ። ሁለተኛ ጥሪያቸው ነበር።

ናዝራዊት ጫማዋን አውልቃ ወደ ደጀ ሰላሙ አመራች። ባየው ከኋላዋ ደረሰ። ሰው ሁሉ ያያል።

"ናዝራዊት።"

ዞረች።

"አትግቢ" አለ። ድምፁ ከየት እንደመጣ እሱም አላወቀም። "ከገባሽ እህቴ ትሆኛለሽ። እኔ ደግሞ እህት አለኝ።"

ናዝራዊት ባየውን ብዙ አየችው። ጥቁር እጁን ከኋላው ደብቋል፤ ግንባሩ ላይ ማስቲሽ አለበት።

"አበልጅ አይጋባም የሚለው መቼ ነው ትዝ ያለህ?"

"ቴዎፍሎስ ሲናገር። ከደብረ ሲና ስንመለስ።"

"ታዲያ ጎማውን የደፈንከው ከዚያ በኋላ ነው" አለች ቀስ ብላ።

"አዎ። ትርፉን ሱቁ በር ላይ አይቼ ዝም ብዬ ያለፍኩትም ከዚያ በኋላ ነው።"

ይህችን ባትጨምራት ምን ነበረበት? ግን ባየው እንዲህ ነው፤ አፉ አይከፈትም፣ ከተከፈተ ደግሞ መዝጊያ የለውም። ናዝራዊት ሳቋ መጣባትና በነጠላዋ ያዘችው። መምሬ ለሦስተኛ ጊዜ ተጣሩ።

ወደ ትርሲት ሄደች። ሕፃኗን ግንባሯን ሳመቻትና ለእናትየዋ በጆሮዋ የሆነ ነገር ነገረቻት። የትርሲት ፊት ተለዋወጠ፤ ወንድሟን አየች፣ ሰማዩን አየች፣ እንደገና ወንድሟን አየች። ይሄን ነገር ከወራት በፊት አንድ ቀን ተንፍሶት ቢሆን ምን ነበረ፣ እኔ ወንድም ነው ወይስ ግንድ ነው ያለኝ አለች። ክርስትና እናቷ ግን ከአማቷ ሰው ይልቅ ከናዝራዊት ወገን እንድትሆን ስለፈለገች፣ እንግዲያው ሔራን ትሁና አለች በጭንቀት። ሁሉም ወደ ሔራን ዞሩ። ሔራን ፈገግ አለች። ጥርሷ ላይ የገብስ ገለባ ነበር።

ናዝራዊት ቀሚሱንና ማዕተቡን ከፌስታሉ አውጥታ ለአልታየች በሁለት እጇ ሰጠቻት። ስትሰጥ እጇ ትንሽ ዘገየ፤ የጠለፈችውን ጠርዝ አንድ ጊዜ በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ለትርሲት ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ "ዘመድሽ መሆኔ አይቀርም፤ በሌላ በር ነው የምገባው" አለቻት።

አልታየች እንባዋ መጣ። ቀሚሱን አይታ እንዲህ ያለ ስፌት በአገሩ አይታ እንደማታውቅ ተናገረችና ሮጣ ገባች፣ ሐሳባቸውን እንዳይለውጡ። እማማ ሸዋወርቅ እግዜር ሥራውን ያውቃል እያሉ ባየውን ሳሙት። ሲያኮርፉ የሰነበቱት ሴት ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትርሲት ወገን እንደሱ ያለ አስተዋይ የለም ይላሉ። ምኑን እንዳስተዋለ ግን አይናገሩም።

ከቅዳሴ በኋላ እቤት ተገባ። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ዳቦው ቀረበ፤ ከጀሪካኑ የተረፈውም ጠላ ተቀዳ። በድሮው ጊዜ የክርስትና ድግስ ላይ ሽማግሌ ተነስቶ ሲመርቅ ሁሉም ዝም ይል ነበር፤ አሁን ቴዎፍሎስ ስለ ደብረ ሲና መንገድ ይተርካል፣ ሰዉም ይስቃል። ወንዙ እያደገ ሄዶ መጨረሻ ላይ አዋሽን አክሏል። ትርሲት ለወንድሟ ስትቀዳለት እንኳ አላየችውም። ለናዝራዊት ግን ሕፃኗን አምጥታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት። አዲሱ ማዕተብ አንገቷ ላይ ነበር፤ ናዝራዊት ላላ አድርጋ አስተካከለችው።

ትርሲት ከጎኗ ተቀመጠችና፣ ሽማግሌዎቹ እንግዲህ ወደ ማን ነው የሚላኩት አለቻት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። ባየው ከማዶ እንጀራውን ጠቅልሎ ወደ አፉ እየላከ ነበር።

"አክስቴ ጋ" አለች ናዝራዊት። "ከፋሲካ በኋላ ይሁን። ደግሞ እንዳይቸኩሉ፤ አክስቴ የመጀመሪያውን ቀን መልሳ ነው የምትልካቸው፣ ባህላችን ነው። ሁለተኛውን ቀን እሺ ትላለች።"

ጉርሻው የባየው ጉሮሮ ላይ ቆመ። ዓይኑ ፈጠጠ፣ ውኃ ውኃ ተባለ። ቴዎፍሎስ ትረካውን አቋርጦ ጀርባውን ደለቀለት፣ እማማ ሸዋወርቅ ስመ ሥላሴ ጠሩ፣ ሔራን ጠላ አቀበለችው። ናዝራዊት ሕፃኗን እያወዛወዘች ጉርሻው እስኪወርድለት ድረስ በትዕግሥት ጠበቀችው።